አልቆረጥ ያለው ፑሌጃ፦ የካስት አይረን ናሙናን በአሲድ አስበልቶ በማይክሮስኮፕ የማየት የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህል ወፍጮ ከካስት አይረን (ካርበን ከበዛበት፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከሚፈስ ብረት) ካስፈሰስናቸው ሰባት ፑሌጃዎች (ቺንጋ የሚያዞራቸው መንኮራኩሮች) መካከል ሦስቱ ቶርኖ ላይ አልቆረጥ ብለዋል። ቺንጋው የሚቀመጥበትን ቦይ ለማውጣት የቶርኖው ቢላ ጠርዛቸውን ሲነካ ይጮኻል፤ ጥቂት እንደዞሩም የቢላው ጫፍ ይሸረፋል። በአንድ ቀን አራት የካርባይድ ጫፎች ጠፍተዋል፤ የአንዱ ዋጋ 350 ብር ስለሆነ ኪሳራው 1,400 ብር ነው። የቀሩት አራት ፑሌጃዎች ግን ያለ ችግር ተቆረጡ፤ ፍቅፋቂያቸውም እንደ ማንኛውም ካስት አይረን ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነበር። ሰባቱም የፈሰሱት ከአንድ ክምር ውዳቂ ብረት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ሰው እጅ ነው።

ቶርኖውን የሚያሠሩት አዛውንት ድምፁን ብቻ ሰምተው «ልጄ፣ ይሄ ጊዛ ሳይሆን ብርጭቆ ነው» አሉኝ፤ ጊዛ የሚሉት ካስት አይረንን ነው። ምን ለማለት እንደፈለጉ ይገባኛል፤ ነገር ግን ብረቱን መልሶ ከማቅለጥ በፊት ውስጡ ምን እንደሆነ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። በእጄ ያለው ከዓመታት በፊት ለሌላ ሥራ የገዛሁት የተማሪ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ሞርሳ እና ትዕግሥት ነው።

ናሙናዎቹን በሚከተለው መልኩ ሰየምኋቸው። ናሙና ሀ በደህና ከተቆረጠው ፑሌጃ፣ ናሙና ለ ደግሞ ቢላ ከሰበረው ፑሌጃ የሚወሰዱ ናቸው። ለማነጻጸሪያ እንዲሆን ከውዳቂ ብረት ተራ ከገዛሁት የአሮጌ መኪና ክራንክሻፍት ቁራጭ ናሙና ሐን አዘጋጃለሁ።

መስከረም 24

ለመቁረጥ መጀመሪያ ግራይንደር ተጠቀምሁ፤ ስህተት ነበር። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የተቆረጠው ፊት ሰማያዊ ቀለም ያዘ፤ ይህም ማለት ልመለከተው የምፈልገውን መዋቅር ራሴ በሙቀት ለውጬዋለሁ ማለት ነው። የተቃጠለውን ንብርብር በሞረድ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ካነሳሁ በኋላ ቀሪውን በእጅ መጋዝ፣ ውሃ እያንጠባጠብሁ ቆረጥሁ። ከሀ እና ከለ የወሰድሁት ክፍል ሻፍቱ የሚገባበትን ወፍራሙን እምብርት ነው፤ ምክንያቴም እዚያ ብዙ ብረት ስላለ ቀሪው ፑሌጃ ሳይበላሽ ቁራጭ ማውጣት ስለሚቻል ነበር። እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደ። መጋዙ ናሙና ለንም ልክ እንደ ናሙና ሀ ያለ ችግር መቁረጡን በዕለቱ ማስታወሻ ላይ ጽፌአለሁ፤ ትርጉሙን ግን አላሰብሁበትም። ያ አንድ መስመር ወደ ስድስት ሳምንት የሚጠጋ ድካም ሊያስቀርልኝ ይችል ነበር።

መስከረም 29

ቁራጮቹ ትንሽ ስለሆኑ በእጅ ይዞ መፈተግ አይቻልም፤ ጠርዛቸው ይከብባል፣ ፊታቸውም ያዘነብላል። ስለዚህ 50 ሚሊሜትር ስፋት ካለው የፒቪሲ የውሃ ቱቦ 20 ሚሊሜትር ቁመት ያላቸው ቀለበቶች ቆርጬ፣ ውስጣቸውን ቫዝሊን ቀብቼ፣ ናሙናውን መሃል ላይ በግንባሩ ደፍቼ የመኪና ስቱኮ ከነማጠንከሪያው ሞላሁበት። ስቱኮው በግማሽ ሰዓት ደረቀ፤ ዋጋውም ለኪሎው 700 ብር ነው። ሲደርቅ እንደሚኮማተርና በብረቱ ዙሪያ የፀጉር ያህል ክፍተት እንደሚተው ያየሁ ቢሆንም ጉዳት የሚያመጣ አልመሰለኝም።

ጥቅምት 5

ይህ ሳምንት በሙሉ በመፈተግ አለፈ። የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስታወት ላይ ዘርግቼ ከ120 ቁጥር ጀምሬ በ240፣ በ400፣ በ600፣ በ1000 እና በ1200 አለፍሁ፤ አንዱ ወረቀት 45 ብር ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ናሙናውን ሩብ ዙር ማዞር፣ የቀድሞው ጭረት ፈጽሞ እስኪጠፋ በአንድ አቅጣጫ መፈተግ፣ ወደሚቀጥለው ከመሄድ በፊት ናሙናውንም እጅንም በሳሙና ማጠብ። ከ240 ቁጥር የተረፈች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በ1000 ላይ ከገባች የግማሽ ቀን ሥራ ታበላሻለች።

ወረቀት ለመቆጠብ ብዬ ያለቀውን ሳልጥል ብዙ ፈተግሁበት። ያረጀ ወረቀት ብረቱን መቁረጡን ትቶ ያሸዋል፤ የታሸው ብረትም በለስላሳው ግራፋይት (በካስት አይረን ውስጥ ከብረቱ ተለይቶ በሚቀመጠው ካርበን) ላይ ተንሸራቶ ይሸፍነዋል። በውጤቱ ናሙና ሀ በሌንስ ሲታይ ግራፋይት የሌለው ብረት መስሎ ነበር። ወደ 400 ቁጥር ተመልሼ በአዲስ ወረቀት፣ ቀለል ባለ ግፊት ደገምሁት። 45 ብር ቆጥቤ ሁለት ቀን ከሰርሁ።

ጥቅምት 11

ለውልወላ የሚሆነውን ዲያመንድ ፔስት (የአልማዝ ዱቄት ያለበት ቅባት) የእህቴ ባል ከዱባይ ሲመጣ አምጥቶልኛል፤ የ6፣ የ3 እና የ1 ማይክሮን መርፌዎች ናቸው። ለመወልወያ ማሽን የተቃጠለ ሳይሆን የሚሠራ፣ ክንፎቹ ግን የተሰበሩ የጣሪያ ቬንቲሌተር ሞተር በ900 ብር ገዝቼ ገልብጬ በሳጥን ላይ አሰርሁት፤ በላዩም ክብ የአልሙኒየም ሰሌዳ በብሎን አጠበቅሁ። የጣሪያ ቬንቲሌተር በደቂቃ ከሁለት መቶ እስከ ሦስት መቶ ያህል ስለሚዞር ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይቀየር ተገኘ። በማስታወሻዬ ውስጥ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

በጨርቁ ግን ተሳሳትሁ። በመጀመሪያ ያለበስሁት ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ነው። ረጅም ፀጉር ያለው ጨርቅ ግራፋይቱን ከጎድጓዱ እየነቀለ ያወጣዋል፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ኋላም በዙሩ አቅጣጫ የተጎተተ ጭራ ይተዋል። በሌንስ ሲታይ ፊቱ በሙሉ ባለጭራ ኮከብ የወረደበት ይመስል ነበር። ሱፉን አውጥቼ ከአሮጌ ክራባት የተቆረጠ የሐር ጨርቅ ወጥሬ ለጠፍሁ፤ በ6 ማይክሮን አምስት ደቂቃ፣ በ3 ማይክሮን አራት ደቂቃ፣ በ1 ማይክሮን ሁለት ደቂቃ ወለወልሁ፤ ናሙናውንም ከሰሌዳው ዙር በተቃራኒ አቅጣጫ በእጄ እያዞርሁ ያዝሁት። ጭራው ጠፋ። ናሙና ሐ እንደ መስታወት ፊቴን አሳየኝ። ሀ እና ለ ግን ምን ያህል ቢወለወሉ ግራጫ ጥላ አይለቃቸውም፤ ያም ጉድለት ሳይሆን ግራፋይቱ ራሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ውሃ የናሙናው ጠላት ነው። የተወለወለ ካስት አይረን ለጥቂት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ዝገት ይነጥበዋል። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ወዲያውኑ አልኮል ይፈስበታል፤ ከዚያም በፀጉር ማድረቂያ ለብ ባለ አየር ይደርቃል።

ጥቅምት 15

የተማሪ ማይክሮስኮፕ ብርሃኑን የሚልከው ከታች ነው፤ ብርሃን በቅጠልና በደም ጠብታ ውስጥ ያልፋል፣ በብረት ውስጥ ግን አያልፍም። ለብረት ብርሃኑ ከላይ ወርዶ፣ ከተወለወለው ፊት ተንጸባርቆ ወደ ሌንሱ መመለስ አለበት። መጀመሪያ የሞባይል ባትሪ ከጎን አበራሁበት፤ በዚህ ጊዜ የተወለወለው ፊት ጨለማ፣ ጭረቱ ብቻ ብሩህ ሆኖ ታየ። ለጭረት ፍለጋ ይጠቅማል፤ ለመዋቅር አይሆንም። ቀጥዬ በሌንሱና በናሙናው መካከል አንዲት ስስ የመስታወት ስላይድ በ45 ዲግሪ አዘንብዬ አቆምሁና ነጭ ኤልኢዲ ከጎን አበራሁባት። መስታወቷ ከብርሃኑ ጥቂቱን ወደ ታች ትልካለች፤ ተንጸባርቆ የሚመለሰውንም በውስጧ ታሳልፈዋለች። ብረቱ ብሩህ፣ ግራፋይቱ ጨለማ ሆኖ ወጣ።

ይህ ዘዴ የሚሠራው በ4 እና በ10 እጥፍ ሌንሶች ብቻ ነው። የ40 እጥፉ ሌንስ ከናሙናው የሚርቀው ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ስለሆነ በመካከሉ ስላይድ ማስገባት አይቻልም። በዚያ ላይ እነዚህ ሌንሶች የተሠሩት ናሙናው 0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ስስ መስታወት ተሸፍኖ እንዲታይ ነው፤ በዝቅተኛ ማጉላት ልዩነቱ አይታወቅም፣ በ40 ላይ ግን ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከዓይነ ሌንሱ ጋር 100 እጥፍ የእኔ ጣሪያ ሆነ።

አሲድ ከመንካት በፊት ሦስቱንም ሳላስበላ ተመለከትሁ። ይህን ደረጃ መዝለል ትልቅ ስህተት ነው፤ የግራፋይት ቅርጽ የሚነበበው በተወለወለ እንጂ በተበላ ፊት ላይ አይደለም፤ አሲዱ የግራፋይቱን ዳር ስለሚያጨልመው ከእውነቱ ይልቅ ወፍራም ሆኖ ይታያል። በናሙና ሀ ላይ የተጣመሙ፣ ጫፋቸው የሾለ ቀጫጭን ቅጠሎች በየአቅጣጫው ተበትነው አየሁ። በ100 እጥፍ ምስል ላይ ርዝመታቸው ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ስለሚደርስ የግራፋይትን መጠንና ቅርጽ በሚመድበው ሠንጠረዥ 4ኛ መጠን ላይ ይወድቃሉ፤ ይህም በእውኑ ከ0.12 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ነው። በመካከላቸው የርግብ ቀለም ያላቸው ባለማዕዘን ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ፤ ማንጋኒዝ ሰልፋይድ ናቸው። ክራንክሻፍቱ ላይ ቅጠል የለም፤ ግራፋይቱ ክብ ክብ ሆኖ እንደ ጥቁር ዶቃ ተበትኗል። ይህ ከመፍሰሱ በፊት ማግኒዚየም የተጨመረበት ብረት ምልክት ነው።

ናሙና ለ ደግሞ ከናሙና ሀ በምንም አይለይም። የቀያየርኋቸው መስሎኝ ከኋላቸው የተጻፈውን ፊደል ሁለት ጊዜ አየሁ።

ጥቅምት 19

ልዩነቱ አሲድ ሲበላው ይወጣል ብዬ ናይታል አዘጋጀሁ፤ ናይታል በአልኮል ውስጥ የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ነው። አሲዱን ያገኘሁት ወርቅ አንጥረኞች ወርቅ ለመፈተን ከሚገዙበት የኬሚካል መደብር ነው። ውህዱ 98 ሚሊሊትር ኤታኖል እና 2 ሚሊሊትር የተጠናከረ ናይትሪክ አሲድ ነው። አሲዱ ወደ አልኮሉ በቀስታ ይንጠባጠባል እንጂ አልኮል በአሲድ ላይ አይፈስም። ከ5 በመቶ በላይ በኤታኖል መሥራት አደገኛ ነው፤ ቆይቶ ሊፈነዳ ይችላል። በትንሽ መጠን እየሠራሁ፣ ክዳኑን ሳላጠብቅ፣ በሳምንቱ መጨረሻ በብዙ ውሃ በርዤ በቤኪንግ ሶዳ አክሽፌ እደፋለሁ። ሥራው የሚሠራው በረንዳ ላይ፣ በጓንትና በዓይን መከላከያ ነው። ፒክሪክ አሲድ ፐርላይት ለሚባለው የብረቱ ክፍል የተሻለ ጥራት እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሲደርቅ የሚፈነዳ ንጥረ ነገር በመኖሪያ ቤቴ ውስጥ አላስቀምጥም።

በዚህ ዝግጅት ላይ ሁለት ነገር ተበላሸ። አሲዱን የለካሁበት የሐኪም መርፌ የጎማ ጫፍ በአሲዱ አብጦ ውስጡ ተጣበቀ፤ አሁን የመስታወት ፒፔት ገዝቻለሁ፤ 180 ብር። ሁለተኛ፣ ከፋርማሲ የገዛሁት አልኮል 70 በመቶ ስለነበር ሠላሳ በመቶው ውሃ ነው፤ ናሙናውን በእሱ ሳጥብ ፊቱ ላይ ቡናማ የውሃ ጠብታ ምልክት ቀረ። ከኬሚካል መደብሩ 99 በመቶውን በሊትር 420 ብር ገዛሁ።

ጥቅምት 24

የመጀመሪያው ማስበላት። በፒንሳ የተያዘ ጥጥ በናይታል ነክሬ በናሙና ሀ ላይ እያሸሁ ሰከንድ ቆጠርሁ። ምንም የተለወጠ ነገር ስላልታየኝ እስከ 30 ሰከንድ ቆየሁ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሁሉም ከሰል ሆኗል። ማቆም የነበረብኝ መስታወቱ ፊት ላይ ትንፋሽ እንደተነፉበት ያህል ደብዘዝ ሲል ነው፤ ይህም በእኔ ናሙና በ6 እና በ8 ሰከንድ መካከል ይሆናል። ከዚያ ወዲያውኑ የሚፈስ ውሃ፣ ወዲያውኑ አልኮል፣ ወዲያውኑ የሞቀ አየር። ከመጠን በላይ የተበላ ናሙና በአሲድ አይስተካከልም፤ ወደ 1 ማይክሮን ተመልሶ መወልወል አለበት። ክራንክሻፍቱ ደግሞ በ5 ሰከንድ ይበቃዋል።

የስቱኮው ክፍተት ያስከፈለኝም ዛሬ ነው። በብረቱና በስቱኮው መካከል የተደበቀው ናይታል ካደረቅሁት በኋላ ቀስ እያለ ወጥቶ በዳሩ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ሠራ። አልኮል ደጋግሜ አፍስሼ፣ በአየር ነፋሁት፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የሚቀጥሉት ናሙናዎች በኢፖክሲ ይሆናሉ፤ ዋጋው ከስቱኮ ከእጥፍ በላይ ቢሆንም የሚኮማተረው እጅግ ያነሰ ነው።

ኅዳር 2

ሦስቱም ናሙናዎች በትክክል ተበልተው ታዩ። በክራንክሻፍቱ ላይ እያንዳንዱ ጥቁር ዶቃ በነጭ ፌራይት ቀለበት ተከብቦ፣ ከቀለበቱ ውጭ ያለው ጠይም ፐርላይት ሆኖ ታየ፤ የበሬ ዓይን ከሚሉት መዋቅር ጋር አንድ ነው። ፌራይት ለስላሳው፣ ካርበን የሌለው ሊባል የሚችለው ብረት ነው። ፐርላይት የፌራይትና የሴመንታይት (ካርበን ከብረት ጋር የተሳሰረበት ጠንካራ ውህድ) ስስ ንጣፎች ተራ በተራ የተነባበሩበት ሲሆን በእኔ 100 እጥፍ ንጣፎቹ ስለማይለዩ እንደ ጥላ ብቻ ይታያል።

ናሙና ሀ፦ የግራፋይት ቅጠሎች በፐርላይት ውስጥ፣ እዚህም እዚያም ጥቂት ፌራይት። ናሙና ለ፦ የግራፋይት ቅጠሎች በፐርላይት ውስጥ፣ እዚህም እዚያም ጥቂት ፌራይት።

በማግስቱ ለናሙና ለ ጊዜውን ጨምሬ አየሁ፤ ናይታሉን በአዲስ ለወጥሁ፤ ከመወልወል ጀምሬም ደገምሁ። ለውጥ የለም። የሚቆረጠውና የማይቆረጠው ብረት አንድ ዓይነት መዋቅር አላቸው የሚለው መደምደሚያ ሊዋጥልኝ ስላልቻለ ጥፋቱን ሁሉ በአሲዱ ላይ ጫንሁት።

ኅዳር 8

ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ቶርኖው ቤት ሄድሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በስልኬ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ከየትኛው ቦታ ነው የቆረጥኸው?» አሉኝ። ከእምብርቱ መሆኑን ነገርኋቸው። «ታዲያ የእኔ ቢላ የተሰበረው እምብርቱ ላይ ነው እንዴ? እሱንማ ያለ ምንም ችግር ነው የበሳሁት።»

እምብርቱ 28 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ጠርዙ 8 ሚሊሜትር ነው። ወፍራሙ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ካርበኑ ግራፋይት ሆኖ ለመለየት ጊዜ ያገኛል፤ ስሱ ጠርዝ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ካርበኑ ከብረቱ ጋር እንደተሳሰረ በሴመንታይት መልክ ይቀራል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ ናሙና ስቆርጥ ግን ለመጋዜ የሚመቸኝን ቦታ እንጂ ችግሩ ያለበትን ቦታ አልመረጥሁም።

ኅዳር 10

የናሙና ለን ጠርዝ በመጋዝ ስሞክር የመጋዙ ጥርስ ረገፈ፤ ሞረድም ያንሸራትተዋል። በመዶሻ ሲመታ ተሰበረ፤ በስብራቱም ላይ ከውጭ በኩል 3 ሚሊሜትር ያህል ብርማ ነጭ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ነጭና ግራጫ የተዘነቀ መልክ በባዶ ዓይን ታየ። አሲድም፣ ዲያመንድም፣ ማይክሮስኮፕም ሳያስፈልግ ማለት ነው። ትንሽ ሳቅሁ፤ ብዙ ግን አልሳቅሁም።

ከዳር እስከ ውስጥ ያለው ለውጥ በአንድ ፊት ላይ እንዲታይ ቁራጩን በጎኑ በኢፖክሲ ቀበርሁት። የናሙና ሀንም ጠርዝ እንዲሁ አዘጋጀሁ።

ኅዳር 17

ነጭ ብረት ሲወለወል ደስ ይላል፤ ጠንካራ ስለሆነ ጭረት አይቀበልም፣ የሚነቀል ግራፋይትም የለውም። በ7 ሰከንድ ናይታል ከተበላ በኋላ ከዳር ወደ ውስጥ ሦስት ቀበሌ ያህል ተለየ። በዳሩ ላይ ሰፊ ነጭ ሴመንታይት፣ በመካከሉ የተበታተነ ጠይም ፐርላይት ያለበት፣ የነብር ቆዳ የመሰለ መዋቅር፤ ሌደቡራይት የሚባለው ነው። ቀጥሎ ነጩ እየሳሳ ደቃቅ የግራፋይት ክምችት የሚጀምርበት የተዘነቀ ክፍል። ከዚያ ወዲያ ግራፋይቱ እንደ ናሙና ሀ ረጅም ቅጠል ሳይሆን በጣም ደቃቅ ሆኖ ብረቱ ሲረጋ በሚሠራቸው ቅርንጫፎች መካከል የተጠጋጋ ነው፤ ይህ በግራፋይት ሠንጠረዡ ላይ አራተኛው፣ መ (D) ዓይነት የሚባለው ሲሆን፣ ብረቱ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ዘግይቶ ሲረጋ የሚፈጠር ነው። በደቃቁ ግራፋይት ዙሪያ ነጭ ፌራይት ይታያል፤ ካርበኑ ወደ ግራፋይቱ የሚጓዝበት መንገድ አጭር ስለሆነ ነው።

አንድ ችግር ገጠመኝ። በናይታል ፌራይትም ነጭ ነው፣ ሴመንታይትም ነጭ ነው። አንደኛው ከሁሉ ለስላሳ፣ ሌላው ከሁሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ በፎቶ ላይ መንትያ ይመስላሉ። የሚለየው ማቅለሚያ ከፒክሪክ አሲድ የሚሠራ ስለሆነ ተውሁት። በምትኩ የልብስ መርፌ ይዤ በናሙናው ላይ ከዳር እስከ ውስጥ በቀስታ ጫርሁና ጭረቱን በሌንስ ተከተልሁት። በፌራይቱ ላይ ጭረቱ ሰፊና ጥልቅ ነው፤ ሴመንታይቱ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ ከወዲያኛው ዳር እንደገና ይጀምራል። ዋጋው ዜሮ ብር ነው።

የናሙና ሀ ጠርዝ ግን ደቃቅ ግራፋይት ቢኖረውም ነጭ ሴመንታይት የለውም።

ኅዳር 22

አንድ ወዳጄ በሚያስተምርበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የብረት ማይክሮስኮፕ ለአንድ ሰዓት ተፈቀደልኝ። በ500 እጥፍ የፐርላይቱ ንጣፎች እንደ ጣት አሻራ መስመር ተለይተው ወጡ፤ በእኔ ስላይድና ኤልኢዲ አንድ ወር ያህል ጥላ ሆኖ የቆየው ነገር ይህ ነበር። ሳይንቲስቱ ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ በእንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ በ1860ዎቹ ብረት ወልውሎ፣ በአሲድ አስበልቶ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ይህንን ክፍል ከሉል (ከዕንቁ) ጋር ያመሳሰለው ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ሉል ስለሚያብለጨልጭ ነው፤ ፐርላይት የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ፣ ሉል ማለት ከሆነው «ፐርል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በ100 እጥፍ ብቻ ያየ ሰው የስሙ ምክንያት አይገባውም።

በእምብርቱ ናሙና ላይ ደግሞ እኔ ፌራይት ብዬ የመዘገብኋቸው ጥቂት ነጭ ቦታዎች ጎናቸው ወደ ውስጥ የጎበጠ፣ ውስጣቸው በነጥብ የተሞላ ሆነው ተገኙ፤ ስቴዳይት ናቸው፣ ማለትም በመጨረሻ የሚረጋው የፎስፈረስ ክፍል። የጥቅምትና የኅዳር ማስታወሻዬን በዚሁ አርሜአለሁ። በውዳቂው ክምር ውስጥ ፎስፈረስ የበዛበት አሮጌ ካስት አይረን ገብቷል ማለት ነው፤ ለቢላ መሰበር ግን ምክንያቱ እሱ አይደለም።

ኅዳር 29

ማቅለጫው ቤት ሄጄ ሦስቱ ፑሌጃዎች የፈሰሱበትን ቀን ጠየቅሁ። ቀን የሚመዘገብበት ደብተር የለም፤ ሆኖም አቅላጩ ወዲያው አስታወሰ። ብረቱ ቀልጦ ለመፍሰስ በተዘጋጀበት ሰዓት መብራት ሄዶ የናፍታ ምድጃው ንፋስ ማፊያ ቆመ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠበቁ በኋላ እንደገና አጋግለው አራቱን ቅርጾች ትተው ሦስቱን ሞሉ። ለረጅም ጊዜ በቅልጥነት የቆየና እንደገና ከመጠን በላይ የጋለ ብረት ግራፋይቱ የሚጀምርባቸው ጥቃቅን ዘሮች ይጠፉበታል፤ ካርበኑና ሲሊከኑም በተወሰነ መጠን ሊቃጠል ይችላል። ወፍራሙ እምብርት ይህን ይቋቋመዋል፤ ስምንት ሚሊሜትሩ ጠርዝ አልቻለም።

መፍትሔው የጠፉትን ዘሮች እንዲተካ ሲፈስ ትንሽ ፌሮሲሊከን (የብረትና የሲሊከን ቅይጥ) መጨመር ነው። ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው 75 በመቶ ሲሊከን ያለውን ሁለት ኪሎ ሰጠኝ፤ ፈጭቼ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር ያለውን በወንፊት ለየሁ። ለ60 ኪሎ ቅልጥ ብረት 0.3 በመቶ ማለት 180 ግራም ነው። ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ነገር በቅልጥ ብረት ውስጥ ሲገባ ይረጫል። ውጤቱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚደክም ከተጨመረ በኋላ ወሬ የለም።

ታኅሣሥ 6

ከአንድ ቅልጥ ሁለት የሽብልቅ ቅርጽ ያላቸው መፈተኛዎች አፈሰስን፤ አንዱ ፌሮሲሊከኑ ከመጨመሩ በፊት፣ ሌላው ከተጨመረ በኋላ። ቀዝቅዘው በመዶሻ ሲሰበሩ በመጀመሪያው ጫፍ ላይ ነጩ ክፍል ከሽብልቁ ሹል ጫፍ 11 ሚሊሜትር ገብቷል፤ በሁለተኛው 4 ሚሊሜትር ብቻ። ከሁለቱም ከጫፉ 8 ሚሊሜትር ላይ ናሙና ቆርጬ፣ በኢፖክሲ ቀብሬ አስበላሁ። በመጀመሪያው ላይ ነብሩ ቆዳውን ዘርግቷል። በሁለተኛው ግራፋይቱ ቅጠል ሆኖ በፐርላይት ውስጥ ተበትኗል። በዚህ ጊዜ ናሙናው ከየት እንደሚቆረጥ በኖራ ምልክት ያደረግሁት መጋዝ ከማንሳቴ በፊት ነው።

ታኅሣሥ 15

የቀሩትን ሁለት አልቆረጥ ያሉ ፑሌጃዎች ከማቅለጥ ይልቅ በሙቀት ማለስለስ ይቻል እንደሆነ ለማየት ከተሰበረው ጠርዝ አንድ ቁራጭ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ በከሰል ዱቄት ቀብሬ በአንድ የሸክላ ሠሪ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ በ920 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት አቆየሁት፤ ምድጃው ሳይከፈት እስከ ማግስቱ ቀዘቀዘ። ለመብራትና ለድካም 600 ብር ከፍያለሁ። ሞረዱ አሁን ይይዘዋል። በናይታል ስመለከተው ሰፊው ነጭ ሴመንታይት ፈርሶ በቦታው የተጨማደዱ የግራፋይት ጉብታዎችና ዙሪያቸውን ፌራይት ቀርቷል፤ በመርፌ ስጭርም ጭረቱ ከዳር እስከ ዳር አልተቋረጠም። ላዩ ላይ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ግራፋይት የሌለው ንጣፍ አለ፤ ጣሳው ክዳኑ በደንብ ስላልገጠመ ካርበኑ ተቃጥሏል።

እስካሁን ያወጣሁት፣ የተሰበሩትን የቶርኖ ጫፎች ሳይጨምር፣ 7,850 ብር ነው። ሙሉ ፑሌጃ በሸክላ ሠሪው ምድጃ ውስጥ የሚገባው አንድ አንድ ብቻ ሲሆን በሙቀቱ ጊዜ ትንሽ ስለሚያድግ ከቶርኖ በፊት መለካት አለበት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ይገባል፤ ጣሳውን በጭቃ እለስነዋለሁ። ጋሼ አንድ አሮጌ ቢላ ለሙከራው ለይተው አስቀምጠዋል፤ አዲሱን አልሰጡኝም።